ፉጃይራን ሳልረግጥ

ፉጃይራ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንድም ቀን መሬቷን ረግጬ አላውቅም። ታላቅ እህቴ ይህን ለማመን ዓመት ፈጅቶባታል። እሷ በዐረብ ኤምሬትስ ባለችው በዚያች ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ መኮንን ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሕር ላይ ስደውልላት ቁጥሩ የኤምሬትስ መሆኑን አይታ ጮኸች። «ወደቡ በየት በኩል ነው? ነገ ዕረፍቴ ነው፤ ድፎ ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ» አለችኝ።

«እኛ ወደብ አንገባም እኮ፣ እታለም።»

«ታዲያ መርከቧ ምን ላይ ቆመች?»

በስልክ ልመልስላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ደግሞም ነገሩን በአማርኛ ለማንም አስረድቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጊዜ አገኘሁና ልሞክር።

ችግሩ «ቆመች» ከሚለው ቃል ይጀምራል። መርከቧ አልቆመችም፤ ታስራለች። ከዳርቻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ አንድ ክብ ብረት ይንሳፈፋል። ወርዱ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ከሩቅ ሲያዩት መብራትና ቧንቧ የተሸከመ የተደፋ ምጣድ ይመስላል። እንግሊዞች ስሙን «ቦይ» ብለው ይጠሩታል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ስንሠለጥን መምህራችን ቃሉን ሲያነሣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ለእኛ ቦይ ውሃ ወደ እርሻ የሚሄድበት ነዋ! ፊሊፒኖቹ ባልደረቦቼ «ቡይ» ይላሉ። ከእነሱ ጋር ስለምውል እኔም ቡይ እላለሁ።

ቡዩ እንደፈለገ የሚዋልል አይደለም። ከሥሩ ስድስት ወይም ስምንት ወፍራም ሰንሰለቶች እንደ ድንኳን አውታር በየአቅጣጫው ተወጥረው ከባሕሩ ወለል ጋር ይዘውታል። ከሆዱ ጎማ ቱቦ ወደ ታች ይወርድና ወለሉ ላይ ከተጋደመው ቧንቧ ጋር ይገጥማል፤ ቧንቧው የብስ ላይ እስካሉት ማጠራቀሚያዎች ድረስ ይሄዳል። የላይኛው ክፍል ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዙሪያውን ይዞራል። መርከቧ በአፍንጫዋ ከዚህ ከሚዞረው ክፍል ጋር ትታሰራለች፤ ድፍድፍ ነዳጁም በሚዞረው መጋጠሚያ በኩል አልፎ በተንሳፋፊ ቱቦዎች ወደ መርከቧ ሆድ ይገባል። እየዞረ የማያፈስ መጋጠሚያ! ዘጠኝ ዓመት በሙያው ውስጥ ቆይቼም ይህ ነገር አሁንም ያስገርመኛል።

አያቴ ሜጫ ውስጥ በቅሎውን በችካል አስሮ መስክ ላይ ይተዋት ነበር። ማታ ሄደን ስናመጣት የጋጠችው ሣር በችካሉ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይታያል፤ ገመዷ እስከደረሰ ድረስ ሣሩ ተላጭቷል፣ ከዚያ ወዲያ እንዳለ ነው። ሦስት መቶ ሠላሳ ሜትር የምትረዝም መርከብ በቡይ ላይ ስትታሰር ከዚህ የተለየ ነገር አታደርግም። ነፋስ ከምሥራቅ ሲመጣ ከቡዩ በስተምዕራብ ትተኛለች፤ ነፋሱ ሲዞር ትዞራለች። የውሃው ፍሰትና ማዕበሉም ድርሻ አላቸው። ዋናው ብልሃት መርከቧን አጥብቆ አለመያዝ ነው። ጎኗን ለነፋስ ሰጥታ እንድትቆም ከተገደደች ያን ሁሉ ክብደት የሚይዝ ገመድ የለም። አፍንጫዋን ብቻ ይዞ ሌላውን አካሏን መልቀቅ ግን ይቻላል።

ለምን ወደብ አይሠሩም? እህቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። ሁለት ሚሊዮን በርሜል ገደማ የጫነች መርከብ ከውሃው በታች ሃያ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትሰጥማለች። ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ይህን ያህል ጥልቀት ለማግኘት ኪሎ ሜትሮች ወደ ውስጥ መግባት ይጠይቃሉ። እስከዚያ ድረስ ድልድይ መዘርጋት ወይም ወለሉን መቆፈር ከባድ ገንዘብ ነው፤ ቧንቧ አጋድሞ ጫፉ ላይ ቡይ ማሰር ይቀላል። ቦርንዮ ደሴት ላይ ያለችው ሚሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ከጀማሪዎቹ አንዷ የሆነችው ባሕሯ ጥልቀት ስለሌለው ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከ1970 ጀምሮ ድፍድፏን የምትቀበለው በቡይ ነው። በአሜሪካ ሉዊዚያና ከዳርቻው 29 ኪሎ ሜትር ርቀው የተተከሉ ሦስት ቡዮች ከ1981 ጀምሮ የአገሪቱ ወደቦች የማይችሏቸውን ግዙፍ መርከቦች ያስተናግዳሉ።

የፉጃይራ ምክንያት ሌላ ነው፤ እዚያ ነገሩን የወሰነው ፖለቲካ ነው። የአቡዳቢ ነዳጅ ወደ ውጭ ለመውጣት በጠባቡ የሆርሙዝ ሰርጥ ማለፍ ነበረበት። ሰርጡ ይዘጋ ይሆን የሚለው ሥጋት ደግሞ በየጊዜው ይነሣል። ስለዚህ ከአቡዳቢው የነዳጅ ስፍራ ከሐብሻን እስከ ፉጃይራ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቧንቧ በበረሃና በተራራ ላይ ዘረጉና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ነዳጁን ከሰርጡ ውጭ ባለው ባሕር ላይ ይጭናሉ። ቧንቧው በቀን አንድ ሚሊዮን ተኩል በርሜል እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ከመርከቧ ላይ ሆኜ ከከተማዋ በስተጀርባ ያሉትን ቡናማ ተራሮች ሳይ ነዳጁ ያንን ሁሉ አቋርጦ እግሬ ሥር መድረሱ ይደንቀኛል። እኔ ደግሞ ከባሕሩ ወደ ከተማዋ ያለችውን ትንሽ መንገድ መሻገር አልችልም።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ላወራው የምፈልገው እሱን ነው።

የኤሌክትሪክ መኮንን መርከብ ሲታሰር አፍንጫው ላይ ሥራ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ከሞተር ክፍል ሳይወጣ ነገሩ ያልቃል። የዚያን ዕለት ግን የገመድ መጠቅለያው ማሽን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ሌሊቱን ስላስቸገረ መሣሪያዬን ይዤ ፊት ለፊት እንድቆም ታዘዝኩ። ገና አልነጋም ነበር። ሙሪንግ ማስተር የሚባለው የተርሚናሉ ካፒቴን በጀልባ መጥቶ ተሳፍሯል። መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጋ ቡዩን ትጠጋለች። «ትጠጋለች» ስል ዳዴ እንደሚል ሕፃን ነው፤ መጨረሻ ላይ ፍጥነቷ ከግማሽ ኖት በታች ይሆናል፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ክብደት በአንድ ጊዜ ማቆም ስለማይቻል ሁሉም ነገር ከመድረሱ ከብዙ ጊዜ በፊት መወሰን አለበት።

ትንሿ ጀልባ ከቡዩ ላይ ቀጭን ገመድ ታመጣለች። ቀጭን ማለቴ ከወፍራሙ ጋር ሳስተያየው እንጂ ክንዴን ያህል ነው። ያ ገመድ ተስቦ መርከቧ ላይ ይወጣና ማሽኑ ላይ ይጠቀለላል። ጫፉ ላይ ሰንሰለት አለ። ከሰንሰለቱ ኋላ ከቡዩ ጋር የተያያዘው እውነተኛው ማሰሪያ፣ የሰው ጭን የሚያህል የናይለን ገመድ ይከተላል። የነዳጅ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የባሕር ፎረም ባወጣው መመሪያ መሠረት የሰንሰለቱ ብረት ውፍረት 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ ቀለበት ርዝመት አንድ ክንድ ይሆናል። ሰንሰለቱ መርከቧ ወለል ላይ በተተከለ የብረት መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ትልልቆቹ መርከቦች እንዲህ ያለ መንጋጋ ሁለት አላቸው።

ሰንሰለቱ ጠርዙን ሊያልፍ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ቀጭኑ ገመድ ተወጥሮ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እኔ ትንሽ ቢጎተት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ሙሪንግ ማስተሩ ግን በሬዲዮው ጮኸ፦ «አትጎትቱ! ገመዱ ይላላ! እኛ ነን የምንሄድለት።» ቦሰናችን፣ የመርከበኞቹ አለቃ፣ ማሽኑን አቆመ። ሁላችንም ከገመዱ መስመር ራቅ ብለን ቆምን። ከኋላ ያለችው ጎታች ጀልባ ኃይሏን ትንሽ ቀነሰች፣ መርከቧም ጥቂት ሜትሮች ወደፊት ተሳበች። ገመዱ ሲላላ ሰንሰለቱ ያለ ምንም ግርግር ገብቶ ቁጭ አለ።

ሕጉ ይህ ነው፦ በዚያ ገመድ መርከብ አይጎተትም። ገመዱ የተሠራው ሰንሰለቱን ለማንሣት ብቻ ነው። መርከብ ይሳብበት ከተባለ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ገመድ ደግሞ ተመልሶ ሲመታ የቆመ ሰው አይተርፈውም። ኋላ ቦሰኑ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የኛን አገር ተረት በእንግሊዝኛ ልነግረው ሞከርኩ፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለውን። አሰበና «ገመዱ አጭር ከሆነ ግን የምትበላው ሣር ያንሳል» አለ። አዎን፣ ነገሩ ይኸው ነው አልኩት። ለካ ፊሊፒንስ ውስጥ ጎሽ እንደዚሁ ይታሰራል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምወዳት ጎታች ጀልባዋን ነው። መርከቧ ከታሰረች በኋላ ሥራ ያለቀ ይመስላል። እሷ ግን ጭነቱ እስኪያልቅ፣ አንድ ቀን ተኩልም ቢሆን፣ ከኋላ ተያይዛ ቀስ ብላ ትስባለች። ምክንያቱም ነፋሱ ሲሞት መርከቧ ዝም ብላ ወደፊት ተንሳፋ ቡዩን ልትገጨው ትችላለች። አምስት ስድስት ሰዎች በአንዲት ጀልባ ውስጥ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ምንም እንዳይሆን ይስባሉ። ምንም ሳይሆን ያደረ ሌሊት ዜና ስለማይሆን ማንም አይናገርላቸውም።

የራሴን ጥፋትም ልናገር። የት እንደሆነ ይቅር። ከታሰርን በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ተንሳፋፊዎቹን ቱቦዎች በመርከቧ ክሬን አንሥቶ መካከል ላይ ካሉት የነዳጅ መቀበያ አፎች ጋር መግጠም ነው። ቱቦው ጎማ ቢሆንም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በውስጡ ብረት አለ፣ ውሃ ይሸከማል፣ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይነሣል ይወድቃል። ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ክሬኑ ቀጥ አለ። ላይ አይል፣ ታች አይል። ማዕበሉ ቱቦውን ወደታች ሲስበው የክሬኑ ክንድ ያጉረመርማል። ወጣሁ፤ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሊሚት ስዊች የሚባለው ጣት የምታህል ማቆሚያ ሳጥን ውስጥ የጨው ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ አብቅሏል። በፊተኛው ቀን ያንኑ ማቆሚያ በእጄ ገፋ አድርጌ «ይሠራል» ብዬ ወረቀቱ ላይ ፈርሜያለሁ። ሳጥኑን አልከፈትኩትም። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ብሎኖቹ ዝገዋል፣ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። በእነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ታች ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው እኔን ብቻ ያያሉ። ማንም አልተቆጣኝም። ካፒቴኑ ማታ ጠርቶ የፈረምኩበትን ወረቀት አሳየኝና «ይህ የማን ፊርማ ነው?» አለ፤ ከዚህ በላይ አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ ሳጥን ሳልከፍት ፈርሜ አላውቅም፣ ብሎኑ ቢዝግም።

ይህን የምነግራችሁ በዚህ ሥራ ትልልቁ ነገር በትንንሹ ስለሚያልቅ ነው። በታይላንድ ራዮንግ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2013 ነዳጅ ከመርከብ ሲራገፍ ቡዩ ላይ ያለ አንድ ቱቦ ፈነዳ። 50 ሺህ ሊትር ያህል ድፍድፍ ፈሰሰና በኮ ሳሜት ደሴት አኦ ፕራኦ የሚባለውን የመዝናኛ ዳርቻ አጠቆረው። ሃምሳ ሺህ ሊትር ማለት እኛ አገር ከጅቡቲ የሚመጣ አንድ የነዳጅ ቦቴ መኪና የሚጭነውን ያህል ነው። ከሁለት ሚሊዮን በርሜል ጎን ቢያስቀምጡት እዚህ ግባ አይባልም፤ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነው። ቱቦዎቹ መካከል ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ መጋጠሚያ የሚገባውም ለዚህ ነው። መርከቧ ከገመዷ ብታመልጥ ቱቦው በዘፈቀደ ከሚቀደድ እዚያች ቦታ ላይ እንዲለያይና ሁለቱም ጫፎች ወዲያው እንዲዘጉ ነው። እንዲበጠስ ተብሎ የተሠራ ዕቃ መጀመሪያ ሳይ ግራ ገብቶኝ ነበር።

መርከብን ዙሪያዋን በብዙ ቡዮች ወጥሮ ማሰርም አለ። በዚህኛው መርከቧ አትዞርም፤ እንደተሰቀለ ቆዳ በየማዕዘኑ ተወጥራ ትቆማለች። ነፋስና ማዕበል ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ በሚመጣበት ቦታ ይሠራል ይላሉ። እኔ አልወደውም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በፔሩ ላ ፓምፒያ ማጣሪያ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2022 «ማሬ ዶሪኩም» የተባለች መርከብ እንዲህ ታስራ ነዳጅ ስታራግፍ በባሕሩ ወለል ያለው መስመር ተሰበረ። በዚያው ዕለት ቶንጋ ላይ የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ማዕበሉ ነው ወይስ መርከቧ፣ ወይስ ተርሚናሉ በሚለው ላይ ብዙ ተካሰዋል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። እኔን ያናደደኝ ቁጥሩ ነው። መጀመሪያ የፈሰሰው 0.16 በርሜል ነው ተባለ፤ አንድ ጀሪካን ከምናምን ማለት ነው። ከዚያ ስድስት ሺህ በርሜል፣ ከዚያ ከዐሥር ሺህ በላይ ሆነ። አንድ ሰው ሳጥኑን ሳይከፍት ፈርሟል ብዬ አሰብኩ።

ለእኛ ቅርብ የነበረው ግን «ሳፈር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራ መርከብ ሲሆን፣ በኋላ ተንሳፋፊ ማጠራቀሚያ ሆኖ በ1988 በየመን ራስ ኢሳ ፊት ለፊት ታሰረ። ከማሪብ በቧንቧ የሚመጣው ነዳጅ እሱ ላይ ይጠራቀም፣ ሌሎች መርከቦችም ከእሱ ይቀዱ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጥገናው ቆመ፤ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ በሆዱ እንደያዘ ለዓመታት ዝገት በላው። ከማዶ ያለው የኤርትራ ዳርቻ ነው፤ ወረድ ሲሉ ጅቡቲ፣ የእኛ ቦቴዎች ተሰልፈው የሚቀዱባት። በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ወደዚያ ያይ ነበር፤ ከርቀቱ የተነሣ የሚታይ ነገር ባይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። ዜናውን የሰማሁት ምግብ ቤት ውስጥ ነው፤ የሞተር ክፍሉ አለቃ ማንኪያውን አስቀምጦ አጨበጨበ።

ወደ እህቴ ልመለስ። ባለፈው ጉዞ ዕረፍቷና የእኛ ጭነት ተገጣጠሙ። ድፎውን የሚያመጣ ጀልባ አይኖርም ወይ ብላ ደጋግማ ጠይቃኝ ነበር። ጀልባዎቹ ወረቀትና ሠራተኛ እንጂ ዳቦ እንደማይጭኑ ሳስረዳት ዝም አለች። ከሰዓት በኋላ ግን ከጓደኞቿ ጋር ባሕር ዳርቻው ላይ ወጥታ ደወለች።

«መቶ መርከብ አለ፤ የቱ ነው የእናንተ?»

«በስተግራ፣ ለብቻዋ ያለችው። ከኋላዋ ትንሽ ጀልባ የታሰረችላት።»

«አየሁ መሰለኝ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።»

ልክ ነበረች። ቀን ቀን ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ስለሚነፍስ ጀርባችን ወደ ከተማዋ ነው። የምንኖርበት ነጩ ቤትም ጀርባው ላይ ስለሆነ መስኮቴ እሷን ያያል። እጄን አውለበለብኩ፤ እንደማታየኝ ባውቅም።

ፀሐይ ከተራሮቹ ኋላ ስትገባ የመርከቧን አፍንጫ የሚጠብቀው መርከበኛ መብራት ጠፍቶበት ጠራኝ። አፍንጫው ላይ ሰው ሌት ተቀን ይቀመጣል፤ ሥራው ገመዱንና ቡዩን እያየ ርቀቱን በሬዲዮ መናገር ነው። መብራቱን ስሠራ ስልኬ ጮኸ።

«እየሄዳችሁ ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ቅድም ጀርባዋን ነበር የማየው፤ አሁን በጎኗ ሆናለች።»

«አይደለም፣ እታለም። ነፋሱ ነው። ማታ ከተራራው ወደ ባሕር ይነፍሳል፣ እኛም አብረን እንዞራለን።»

«እስከ ምን ድረስ ትዞራላችሁ?»

«አፍንጫዋ ወደ አንቺ እስኪሆን።»

ጓደኞቿ ከኋላ ሆነው መሸብን እያሉ ሲጠሯት ይሰማኛል። የድፎው ወረቀት ሲንኮሻኮሽም ሰማሁ፤ እየቆረሱ እየበሉ ነበር።

«እናንተ ሂዱ» አለቻቸው። «እኔ ፊቷን እስክታዞር ትንሽ ልቆይ።»